ከፋን የጻፉ እጆች፦ አራት የአውሮፓ መጻሕፍትና የተጻፉበት ዘመን

ስለ ከፋ መንግሥት የመጨረሻ ዘመን ለመጻፍ ወይም ለማስተማር የተነሣ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ ከአራት አውሮፓውያን ደጃፍ ይደርሳል። የመጀመሪያው በአገራችን አባ ማስያስ እየተባለ የሚታወቀው ጣሊያናዊው የካፑቺን ሚሲዮናዊ ጉሊየልሞ ማሳያ ነው። ሁለተኛው የባሕር ካፒቴን የነበረው ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቼኪ፣ ሦስተኛው የሩሲያው የፈረሰኛ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች፣ አራተኛው የቪየናው ተወላጅ ፍሪድሪሽ ዩሊየስ ቢበር ነው። ዋና ዋና መጻሕፍታቸው ከ1885 እስከ 1923 ባሉት ዓመታት ታትመዋል፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ከፋ የተጻፈው ብዙው ነገር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከእነዚህ ምንጮች የተቀዳ ነው።

መቅዳቱ ነውር የለበትም። ነውሩ ምንጩ ከየት እንደ ፈለቀ ሳይጠይቁ መጠጣት ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ገጾች ላይ የከፋና የአካባቢው ሙስሊም መልኩ ይለዋወጣል። በአንዱ መጽሐፍ ክርስትናን የሚቀናቀን ባላንጣ ነው፤ በሌላው የገበያ ተፎካካሪ ነው፤ በሦስተኛው የድል አድራጊው ጦር አጋር ነው፤ በአራተኛው ከዳር የቆመ መጤ ነው። የከፋ ሙስሊም በ40 ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አልተለወጠም። የተለወጡት ጸሐፊዎቹ የመጡባት አውሮፓና ጦርነቶቿ፣ ግዛቶቿና ፍላጎቷ ናቸው። እንግዲህ በዚህ ሒስ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ ስለ ከፋ የተጻፈን የአውሮፓ መጽሐፍ የአውሮፓን የዘመን ሁኔታ ከጎኑ ሳያስቀምጡ ማንበብ፣ በተለይ ለመምህርና ለኢማም፣ የሰው ፍርድ ተቀብሎ እንደ ራስ ፍርድ ማስተላለፍ ይሆናል።

ስለ መለኪያው

የሐዲስ ሊቃውንት ዘጋቢን ሲመረምሩ በሁለት ነገር ይመዝኑታል። አንደኛው ዓዳላው፣ ማለትም ታማኝነቱ ነው፤ ሁለተኛው ደብጡ፣ ማለትም የሰማውን ሳያዛባ የመያዝ ችሎታው ነው። የአውሮፓ ተጓዥ የሐዲስ ዘጋቢ አይደለምና ይህን ሚዛን እንዳለ ልንጭንበት አንችልም። ጥያቄዎቹን ግን መዋስ እንችላለን። ነገሩን በዐይኑ አየ ወይስ ሰማ? ካየው ከስንት ዓመት በኋላ ጻፈው? የጉዞውን ወጪ ማን ሸፈነ? የተናገረው ቃል ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? ሱረቱል ሑጁራት ስለ ዜና ማጣራት የሚያስተምረን፣ ሱረቱል ማኢዳህም ለምንጠላው ሕዝብ እንኳ ፍትሕ እንዳንነፍግ የሚያዘን፣ እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ሁለቱም አንድ ላይ ይፈለጋሉ። የመጀመሪያው የአባ ማስያስን ቃል በጭፍን ከመቀበል ይጠብቀናል። ሁለተኛው ደግሞ ሚሲዮናዊ ስለ ጻፈው ብቻ እውነቱን ከመጣል ይጠብቀናል።

ሮምን ያጣች ቤተ ክርስቲያን

ማሳያ የፒየድሞንት ሰው ነበር። ወደ ከፋ የደረሰው በ1859 መገባደጃ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የትውልድ አገሩ ፒየድሞንት ከፈረንሳይ ጋር ተባብራ ኦስትሪያን በሶልፌሪኖ ጦር ሜዳ ተዋግታ ነበር። እርሱ በከፋ ሳለ፣ በመጋቢት 1861፣ የኢጣሊያ መንግሥት ታወጀ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ማሳያ ከከፋ ተባረረ። በ1870 ደግሞ አዲሱ የኢጣሊያ መንግሥት ሮምን ያዘ፤ ጳጳሱም ለዘመናት የገዙትን ምድራዊ ግዛት አጡ።

የማሳያ የትዝታ መጽሐፍ 12 ቅጾች አሉት፤ በጳጳስ ሊዮ 13ኛ ፍላጎት ተጽፎ ከ1885 እስከ 1895 ታተመ። ስለዚህ በከፋ ያየውን ለአንባቢ ሲያቀርብ ቢያንስ 24 ዓመት አልፎታል። በሊቃውንቱ ሚዛን ይህ የደብጥ ጥያቄ ነው። በቃል የተለዋወጡትን ንግግር ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ቃል በቃል ሲያስነብበን ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ከዚህ የሚከብደው ግን የዓይኑ አቅጣጫ ነው። በአውሮፓ ግዛቷን የተነጠቀች ቤተ ክርስቲያን በአፍሪካ አዲስ ምእመናን ስትፈልግ፣ በጊቤ ዙሪያ ከሊሙ እናርያ እስከ ጅማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው እስልምና መንገዷ ላይ ቆሞ አገኘችው። በማሳያ ብዕር ከፋ የጥንት ክርስትና ርዝራዥ ያለባትና ሳትጠፋ መመለስ የሚገባት ምድር ናት፤ ሙስሊሙ ነጋዴ ደግሞ ቀድሞ የደረሰባት ባላንጣ ነው።

ይህን ስንል ማሳያን ውሸታም አላልንም። ስለ ፈንጣጣ ክትባቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ መንገዱና ስለ ቤተ መንግሥቱ ሥርዓት የጻፈው የዐይን ምስክር ቃል ነውና ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ስለ ሙስሊሞች ልብና ሐሳብ ሲጽፍ ግን የባላንጣ ምስክርነት ነው። ዳኛም የባላንጣን ቃል ከሌላ ማስረጃ ጋር ሳያመሳክር አይፈርድበትም።

ከዘይላ እስከ ከፋ ድንበር

ቼኪ በ1870ዎቹ የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ወደ ሸዋ ከላከው የማርኪስ አንቲኖሪ ጉዞ ጋር የተያያዘ ሰው ነው። ከጓደኛው ከጆቫኒ ኪያሪኒ ጋር ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ በጌራ ንግሥት እጅ ተያዘ። ኪያሪኒ በ1879 እዚያው ሞተ፤ ቼኪ ግን በስተመጨረሻ ተለቀቀ። ሦስት ቅጽ ያለው መጽሐፉ ስሙ ራሱ መንገድ ነው፤ ከዘይላ ተነሥቶ እስከ ከፋ ድንበር ይደርሳል።

መጽሐፉ የወጣበትን ጊዜ እንመልከት። በ1885 ኢጣሊያ ምፅዋን ያዘች። በጥር 1887 ጦሯ በዶጋሊ በራስ አሉላ እጅ ተመታ። የቼኪ ቅጾች ለአንባቢ የቀረቡት በእነዚሁ ዓመታት ነው። አውሮፓ በበርሊን ጉባኤ አፍሪካን የምትከፋፈልበትን ደንብ ያወጣችውም በ1884 እና 1885 ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከወደብ ተነሥቶ ቡናና ዝባድ፣ ማርና የዝሆን ጥርስ እስከሚገኝበት አገር የሚወስድ መጽሐፍ ለአንባቢው ጉዞ ብቻ አይደለም፤ ካርታም ነው። ቼኪ ስለ ገበያ ቀን፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ኬላና ስለ ነጋዴ መንገድ ጠንቅቆ የሚጽፈው ለዚህ ነው።

በዚህ ካርታ ላይ ሙስሊሙ ነጋዴ ሁለት ቦታ ይቆማል። መንገዱን የሚያውቀው፣ ቋንቋውን የሚችለው፣ ከባሕር ዳር እስከ ጊቤ የተዘረጋው የንግድ ሰንሰለት ባለቤት እርሱ ነውና ያለ እርሱ ወሬም ዕቃም አይገኝም። ለኢጣሊያ ንግድ ደግሞ ይኸው ሰው መሻገር የሚገባው እንቅፋት ነው። መምህር ይህን ካስተዋለ የቼኪን የዋጋና የመንገድ ዝርዝር በእምነት ሊወስድ ይችላል፤ ዝርዝሩ ልክ ካልሆነ ለላኪዎቹ አይጠቅምምና። ነጋዴውን አስመልክቶ የሚሰነዝረውን ፍርድ ግን የተፎካካሪ ፍርድ አድርጎ ይመዝነዋል። ቼኪ በኋላ የኢጣሊያ ቆንሲል ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ፣ የዐድዋ ድል በተገኘበት በ1896 ዓመት፣ በኅዳር ወር በሞቃዲሾ አቅራቢያ በላፎሌ ተገደለ። ካርታውና ጦሩ ምን ያህል ይቀራረቡ እንደ ነበር የጸሐፊው ዕጣ ራሱ ይመሰክራል።

በራሱ ወገን ላይ የመሰከረ መኮንን

በ1891 ዐፄ ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት ባስተላለፉት ደብዳቤ የአገራቸውን ወሰን አስታወቁ፤ ሩቅ አገሮች አፍሪካን ሊካፈሉ ሲመጡ ዝም ብለው እንደማይመለከቱም ገለጹ። የ1897ቱን የከፋ ዘመቻ ከዚህ እሽቅድምድም ነጥሎ ማየት አይቻልም። ዘመቻውን የመሩት ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። ከሌሎች መኳንንት ጋር የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር 2ኛም ጦር አሰልፈው ነበር። ከወራት ውጊያና ፍለጋ በኋላ የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 ተማረኩ፤ ወደ መንበራቸውም ሳይመለሱ በግዞት ሞቱ። የመንግሥቱ ዘውድ የምኒልክ አማካሪ በነበረው በስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ እጅ ወደ ዙሪክ ሄደ፤ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው።

ቡላቶቪች ከፋ የደረሰው ይህ በሆነ በወራት ውስጥ፣ በ1898 መጀመሪያ ነው። ከዐድዋ በኋላ ከሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣ የክብር ዘበኛ ፈረሰኛ ነበር። ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ዘምቶ መጽሐፉን በ1900 በሴንት ፒተርስበርግ አሳተመ። ያን ጊዜ ሩሲያ በአባይ ምንጭ ዙሪያ የእንግሊዝ እጅ እንዳይረዝም ትሻ ነበር፤ ፈረንሳይና እንግሊዝ በፋሾዳ ሊዋጉ የተቃረቡትም በ1898 ነው። ስለዚህ ቡላቶቪች የምኒልክ መስፋፋት ደጋፊ ነው፤ አብሮት የዘመተውን ጦርም ያደንቃል።

የመጽሐፉ ዋጋ ያለው ከዚህ ላይ ነው። ይህ ደጋፊ ሰው ወደ ከፋ መናገሻ ወደ አንድራቻ ሲቃረብ ያየውን አልሸሸገም፤ የተራቆተ አገር፣ የነዋሪው መመናመን፣ ሜዳ ላይ የተበተነ የሰው አጥንት። በፍርድ ቤትም ሆነ በሸሪዓ፣ ሰው በራሱ ወይም በወገኑ ላይ የሚሰጠው ምስክርነት ክብደቱ ሌላ ነው። ሰው በራሱ ላይ የሚሰጠውን ቃል ኢቅራር እንለዋለን። ማሳያና ቼኪ ስለ ከፋ ጉዳት ቢጽፉ ኖሮ የባላንጣ ወሬ ነው ለማለት ይቻል ነበር፤ የቡላቶቪችን ግን እንዲያ ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ይኸው መጽሐፍ ለእኛም የማይመች እውነት ይዟል። በዘመቻው የተሰለፈው የጅማ ጦር የሙስሊም ንጉሥ ጦር ነው። የከፋ ሰው በ1897 ከማን እጅ ምን እንደ ደረሰበት ስናስተምር የአባ ጅፋርን ስም ዘለን የሌሎቹን ብቻ የምንጠራ ከሆነ ቡላቶቪች ያሳየውን ታማኝነት ያህል እንኳ የለንም ማለት ነው።

ኢምፓየሩ የፈረሰበት ሰው

የኦስትሪያና ሃንጋሪ ኢምፓየር ከምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል በተዋዋለበት በ1905 ቢበር በኢትዮጵያ ነበር፤ በ1909ም ተመልሷል። ስለ ከፋ የጻፈው ሰፊ ሥራ የመጀመሪያ ቅጹ በ1920፣ ሁለተኛው በ1923 ወጣ። በጉዞውና በኅትመቱ መካከል የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አለ። በ1918 መጨረሻ የሃብስቡርግ ኢምፓየር ፈርሶ ቢበር የአንዲት ትንሽ ሪፐብሊክ ዜጋ ሆነ። መጽሐፉ በታተመ ጊዜ ከፋ ብቻ ሳትሆን የጸሐፊው የራሱ መንግሥትም የጠፋ መንግሥት ሆኖ ነበር።

ይህ የሚያሳስበን በምክንያት ነው። ቢበር ከአራቱ ሁሉ ከፋን በፍቅር የጻፈ ነው፤ የልብሱን፣ የቤቱን፣ የማዕረጉን፣ የእምነቱን ዝርዝር ያለ እርሱ ሥራ ዛሬ ማግኘት በብዙ ይከብድ ነበር። ነገር ግን የመጽሐፉ ንዑስ ርእስ ከፋን ጥንታዊ የኩሽ ሕዝብ ብሎ ይሰይማታል። የሚፈልገው ያልተቀየጠውን፣ የጥንቱን፣ ሊጠፋ የተቃረበውን ነው። ጥንታዊነትን የሚፈልግ ዓይን ደግሞ በትናንትና የመጣ የሚመስለውን ሰው ወደ ዳር ይገፋል። ጀርመናዊው ማክስ ግሩል በ1929 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ርእስ ላይ የከፋን ንጉሥ ንጉሠ ነገሥትም አምላክም አድርጎ ሲያቀርበው፣ የገዛ አገሩ ንጉሠ ነገሥት ዙፋኑን ትቶ ከሸሸ 11 ዓመት ሆኖት ነበር። የወደቀ ዘውድ ትዝታ ያለበት ትውልድ በሩቅ አገር ዘውድ ሲያገኝ የሚያየው በናፍቆት ነው። ይህ የእኛ ንባብ ነው፤ ንባባችን ልክ ቢሆን ግን የከፋ ሙስሊም ከእነዚህ መጻሕፍት የጎደለው በጥላቻ ሳይሆን በናፍቆት ምክንያት ነው። ለመምህር የዚህኛው ዓይነት ጉድለት ይበልጥ ያስቸግራል፤ ጥላቻ በቃሉ ይታወቃል፣ ዝምታን ግን የሚያስተውለው ጥቂት ነው።

የዚያ የፈረሰ ኢምፓየር አንድ ቅርስ ግን በገበያችን ቆይቷል። በ1780 የሞተችው የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ብር፣ ዓመቱ ሳይለወጥ እየተመታ፣ ኢምፓየሩ ከጠፋ በኋላም በመላው ኢትዮጵያ የነጋዴው መገበያያ ሆኖ ኖረ። በ1935 ሙሶሊኒ ብሩን የመምታት መብት ከኦስትሪያ ወሰደ፤ ኢትዮጵያን ለመውረር የሚዘጋጅ መንግሥት የኢትዮጵያ ገበያ የሚያምነው ገንዘብ ያስፈልገዋልና። እንግሊዞችም በበኩላቸው ለ1941ዱ ዘመቻ ይህንኑ ብር በቦምቤይ አስመትተዋል። ከደካ ወይም ከቦንጋ ገበያ የራቀ የሚመስለው የአውሮፓ ጦርነት በነጋዴው ከረጢት ውስጥ ነበር ብንል አላጋነንም።

የእስልምና ወዳጅ ነኝ ያለው ኢምፓየር

ከአራቱ መጻሕፍት ቀጥሎ አንድ አምስተኛ ትረካ አለ። ይህኛው ከመጽሐፍ ይልቅ በአዋጅ፣ በጋዜጣና በቃል ወሬ የተላለፈ ነው። ኢጣሊያ በ1936 ጋላና ሲዳማ ብላ የሰየመችውን ግዛት አቋቁማ ጅማን ዋና ከተማው አደረገች፤ ከፋም በዚያ ሥር ገባች። አዲሱ ገዢ መስጊድ አሠራ፣ ዐረብኛን በትምህርት ቤት አስገባ፣ ቃዲዎችን ሾመ፣ ለሐጅ ጉዞ ድጋፍ ሰጠ። በመጋቢት 1937 ሙሶሊኒ በትሪፖሊ የእስልምና ሰይፍ የተባለውን ተቀብሎ የሙስሊሞች ጠባቂ ነኝ አለ።

ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን መብቱ ተነፍጎ ለኖረ ሙስሊም ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ አያቶቻችን ያን ጊዜ የተሰማቸውን እፎይታ መካድም ሐቀኝነት አይደለም። ነገር ግን ዘጋቢውን እንመርምር። ይኸው መንግሥት በመስከረም 1931 በሊቢያ ሸህ ዑመር አል ሙኽታርን ሰቅሏል፤ የቂሬናይካን ሕዝብ ከነከብቱ ነቅሎ በሽቦ አጥር ውስጥ አጉሯል። ያን ዘመቻ የመራው ግራዚያኒ በ1937 የካቲት አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ሲጨፈጨፍ የኢትዮጵያ አገረ ገዢ ነበር። በሊቢያ ሙስሊምን የገደለውና በኢትዮጵያ ለሙስሊም መስጊድ የሠራው እጅ አንድ ነው። በሊቢያ እስልምና ለሕዝቡ የእምቢታ መሠረት ሆነ፤ በኢትዮጵያ ግን ኢጣሊያ ሕዝቡን መከፋፈያ አድርጋ ልትጠቀምበት ፈለገች። መመዘኛው ሁለቱንም ጊዜ የኢምፓየሩ ጥቅም እንጂ ዲኑ አልነበረም።

የጦሩም ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። በ1936 በኦጋዴን ግንባር ከኢጣሊያ ጎን የተሰለፉ የሊቢያ ሙስሊም ወታደሮች ነበሩ። በሰኔ 1941 የኦሞን ወንዝ ተሻግረው ወደ ጅማ በገሰገሰው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ ደግሞ የናይጄሪያ ወታደሮች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ከምዕራብ በኩል የመጣው የቤልጂግ ኮንጎ ጦር ነው፤ ቤልጂግ ራሷ ያን ጊዜ በጀርመን ሥር ወድቃ ነበር። የአውሮፓ ኢምፓየሮች እርስ በርስ ሲዋጉ አፍሪካዊውን፣ በዚያም ውስጥ ሙስሊሙን፣ በሁለቱም ወገን አሰለፉት። ይህን የሚያውቅ ኢማም፣ አንዱን የአውሮፓ ኃይል የእስልምና ወዳጅ፣ ሌላውን ጠላት አድርጎ ለማቅረብ ይከብደዋል።

ስለ ባርነት

እስከ አሁን የጸሐፊዎቹን ሚዛን መርምረናል። ከእነርሱ ቃል ልንቀበለው የሚገባ፣ የሚያምም ጉዳይ ግን አለ፤ እርሱም የባሪያ ንግድ ነው። አራቱም መጻሕፍት ስለዚህ ይናገራሉ፤ እያንዳንዱም በራሱ ምክንያት። ለማሳያ ሙስሊሙን የሚከስበት ማስረጃ ነው። ለቼኪ የንግድ ዝርዝር አካል ነው። ለፋሽስት ኢጣሊያ ደግሞ የጦርነት ሰበብ ሆነ፤ በመስከረም 1935 ለመንግሥታቱ ማኅበር ባቀረበችው የክስ ሰነድ ውስጥ በኢትዮጵያ ያለው ባርነት ዋና ነጥብ ነበር፤ ከሳሹም ወራሪው ነበር።

ክሱ ለወረራ ስለ ዋለ ብቻ ሐሰት ነው ማለት አንችልም። የከፋ ነገሥታት ሰውን በግብርና በንግድ አሳልፈው ይሰጡ ነበር፤ የጅማው ሒርማታ ገበያ ሰው የሚሸጥበት ገበያ ነበር፤ በሻጭና በገዢ መካከል ከቆሙት ውስጥ ሙስሊም ነጋዴዎች በብዛት ነበሩ። ከ1897 በኋላ ደግሞ የድል አድራጊው ጦር ሰዎች ብዙ የከፋ ተወላጆችን ማርከው ወሰዱ። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም የጥንቱን እምነት የሚከተለውም አለበት። ነጻውን ሰው ሸጦ ዋጋውን የበላ ሰው በትንሣኤ ቀን አላህ ራሱ ባላንጣው እንደሚሆን በሐዲስ የተማርን ሰዎች፣ በማሳያ ላይ ያለን ቅሬታ የነጋዴዎቹን ሥራ ወደ መከላከል እንዲወስደን አንፈቅድም። የተሸጠው ሰው የከፋ ሰው ነበር። ዛሬ በመድረሳችንና በትምህርት ቤታችን ከሚቀመጡት ልጆች መካከል የእርሱ የልጅ ልጆች አሉ፤ የሻጩም የልጅ ልጆች ከጎናቸው ተቀምጠው ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው ጉዳዩ የቤተ መጻሕፍት ጉዳይ ብቻ የማይሆነው። በዞናችን ሁለት አጫጭር ትረካዎች ከአንደበት ወደ አንደበት ይሻገራሉ። አንደኛው የከፋን ሙስሊም ሁሉ የባሪያ ነጋዴ ዘር ያደርገዋል። ሁለተኛው የጣሊያንን ዘመን የሙስሊሙ የነጻነት ዘመን ያደርገዋል። የመጀመሪያው የሚሲዮናዊው ሙግት ቅሪት ነው፤ ሁለተኛው የፋሽስቱ አዋጅ ቅሪት ነው። ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጋጩት እነዚህ ዐረፍተ ነገሮች ከፋ ውስጥ አልተወለዱም፤ እኛ ግን አሳድገናቸዋል።

ምን ይደረግ

መምህራን የአውሮፓን ታሪክ በክፍል ሲያስተምሩ የኢጣሊያን አንድነት፣ የበርሊንን ጉባኤ፣ የሃብስቡርግን መፍረስና የፋሽዝምን መነሣት ከእኛ እንደ ራቁ ክስተቶች ያልፏቸዋል፤ የከፋን ታሪክ ደግሞ በሌላ ክፍለ ጊዜ፣ ዓለም የማያውቀው ታሪክ አድርገው ይነግራሉ። ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ይቻላል። በአንድ ወገን 1859፣ ሶልፌሪኖ፤ በሌላው ወገን 1859፣ ማሳያ በከፋ። በአንድ ወገን 1885፣ የበርሊን ጉባኤ ፍጻሜና የምፅዋ መያዝ፤ በሌላው የማሳያና የቼኪ መጻሕፍት መታተም። በአንድ ወገን 1898፣ ፋሾዳ፤ በሌላው ቡላቶቪች በአንድራቻ። በአንድ ወገን 1918፣ የሃብስቡርግ ፍጻሜ፤ በሌላው የቢበር መጽሐፍ ከሁለት ዓመት በኋላ። ተማሪው ሰሌዳውን ካየ መጽሐፉ ለምን እንደዚያ እንደ ተናገረ ራሱ ይጠይቃል።

ኢማሞች በበኩላቸው ስለ ጣሊያን ዘመን በኹጥባ ሲናገሩ ትሪፖሊንና ቂሬናይካን ከጅማ ጋር አብረው ቢጠቅሱ፣ የአባ ጅፋርን ደግነት ሲያነሡ የ1897ቱን ዘመቻ ባይሸሽጉ፣ ስለ ባሪያ ንግድ ሲጠየቁ ደግሞ ሳይሸማቀቁ የሆነውን ሆነ ብለው የሸሪዓን ፍርድ ቢያስከትሉ፣ ምእመናኑ ከየትኛውም ትረካ ባርነት ይጠበቃሉ።

የቀረው ሥራ የእኛው የራሳችን ምስክርነት ነው። አቶ በቀለ ወልደማርያም ስለ ከፋ ታሪክ ያዘጋጁት ሥራ ታሪኩን ከውስጥ ሆኖ መጻፍ እንደሚቻል አሳይቷል። የከፋ ሙስሊሞች ታሪክ፣ ማለትም ከየት እንደ መጡ፣ ማን እንዳስተማራቸው፣ ከጎረቤት ጋር በምን ውል እንደ ኖሩ፣ በጣሊያን ጊዜ ምን እንዳዩ፣ ዛሬም የሚገኘው በብዛት በሽማግሌዎች ቃል ነው። በደካም ሆነ በቦንጋ፣ በየመንደሩ ያለ መምህር ይህን ቃል ሲመዘግብ ከአራቱ ጸሐፊዎች የጠየቅነውን ሁሉ ከሽማግሌዎቻችንም ይጠይቅ፦ ያዩትን ወይስ የሰሙትን፣ ከማን፣ መቼ፣ የሚጠቅማቸውን ወይስ የሚጎዳቸውን። ለማሳያ ያላላላነውን ሚዛን ለአያቶቻችን ብናላላው የጀመርነው ሒስ ከንቱ ይሆናል። ወላሁ አዕለም።